አልዮና ሳቭቼንኮ፣ ሦስት አጋሮች፣ አምስት ኦሊምፒኮች፤ የጥንድ በረዶ ስኬተር ሙያ የማን ነው?

የማርቆሱ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

እንዴት ከረማችሁ። በዚህ መድረክ በአብዛኛው የምንነጋገረው ስለ ሩጫና ስለ እግር ኳስ ስለሆነ ርዕሱ እንግዳ ቢሆንባችሁ አልፈርድባችሁም። ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ ስለ ሚዛንና ስለ ሰውነት ቅንጅት ሳስተምር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በፒዮንግቻንግ የተደረገውን የጥንድ የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ፍጻሜ በስልኬ አሳየኋቸው። አንዲት ተማሪ ታዲያ «መምህር፣ ይህችን ሴት ሌላ ሰው ቢይዛት ኖሮ እንዲህ ትሆን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚያረካ መልስ ስላልሰጠኋት ጥያቄውን ወደ እናንተ አመጣሁት።

ስፖርቱን ላላያችሁት ላስረዳ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት 60 በ30 ሜትር በሆነ የበረዶ ሜዳ ላይ፣ ከጫማቸው ሥር በተገጠመ ቀጭን ስለት ቆመው በሙዚቃ ሁለት ትርዒት ያቀርባሉ፤ አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ነው። ወንዱ ሴቷን በተዘረጋ ክንዱ ከራሱ በላይ አንሥቶ እየዞረ ሜዳውን ያቋርጣል። ወደ ላይ ይወረውራትና በአየር ላይ ተሽከርክራ ስትመለስ ወገቧን ይቀልባታል። ደግሞም አርቆ ይወረውራትና ሦስት ዙር ዞራ በአንድ እግሯ ብቻዋን ታርፋለች። ጎን ለጎን ሆነው እኩል የሚዘሉት ዝላይ አለ። «የሞት ሽክርክሪት» በሚባለው ደግሞ ወንዱ እንደ ካስማ በአንድ ቦታ ተተክሎ፣ ሴቷ እጁን ብቻ ይዛ፣ ጭንቅላቷ በረዶውን ሊነካ እስኪደርስ ተዘርግታ ትዞረዋለች።

አልዮና ሳቭቼንኮ በ1984 በኪየቭ አቅራቢያ በምትገኘው በኦቡኺቭ ተወለደች። ከስታኒስላቭ ሞሮዞቭ ጋር በ2000 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆና፣ በ2002 የሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ለዩክሬን ተወዳድራ 15ኛ ወጣች። ያ ጥምረት ፈረሰና በ2003 ወደ ጀርመን፣ ወደ ኬምኒትዝ ከተማ ሄዳ ከሮቢን ሾልኮቪ ጋር ተጣመረች። ከእርሱ ጋር በ2008፣ በ2009፣ በ2011፣ በ2012 እና በ2014 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2010 በቫንኩቨር እና በ2014 በሶቺ ግን ያገኙት ነሐስ ነበር። ከዚያ በኋላ በሠላሳ ዓመቷ ከፈረንሳዊው ብሩኖ ማሶ ጋር ሁሉንም እንደገና ጀመረች። በፒዮንግቻንግ በአጭሩ ትርዒት ማሶ ሦስት ዙር ሊዘልል ሲገባው ሁለት ዙር ብቻ ስለዘለለ በ76.59 ነጥብ አራተኛ ሆኑ፤ ከመሪዎቹ ከቻይናውያኑ ሱዪ ዌንጂንግ እና ሃን ጾንግ በ5.80 ነጥብ ዝቅ ብለው ማለት ነው። በማግስቱ በረጅሙ ትርዒት በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን የሆነውን 159.31 አስመዝግበው 235.90 ለ235.47 በሆነ ውጤት ወርቁን ወሰዱ። ልዩነቱ 0.43 ነው። ለእርሷ አምስተኛዋ ኦሊምፒክ ስትሆን ዕድሜዋ 34 ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የማን ሙያ ነው? የአንዲት ሴት ነው፣ ወይስ የሦስት ጥንዶች?

---

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

መምህር፣ ጥያቄዎን አከብራለሁ፤ እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። ከአንድ ሰው ጋር አሥር ዓመት ያህል ጠዋትና ማታ በበረዶ ላይ ወድቆ ተነሥቶ፣ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ከሆኑ በኋላ ወርቅ አላገኘሁም ብሎ ሌላ መፈለግ በእኛ አገር ቋንቋ ክህደት ይባላል። ሾልኮቪ በቤቱ ሆኖ ያንን የ2018 ወርቅ ሲያይ ምን ተሰምቶት ይሆን? ሜዳሊያዋን አልነቅፍም፤ መንገዱን እንጂ።

---

የደንበጫው ገበሬ ልጅ (ደንበጫ)

ጣና ዳር ወንድሜ፣ ክህደት ከማለትህ በፊት መቀናጆን አስብ። እኔ ያደግሁት አባቴ አንድ በሬ ብቻ በነበረው ቤት ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጅና አንድ ቀን የእርሱ ማሳ፣ በማግስቱ የጎረቤቱ ይታረሳል። የጎረቤቱ በሬ ሲያረጅ ወይም ሲሸጥ አባቴ ማሳውን ጦም አያሳድርም፤ ሌላ ተቀናጅ ይፈልጋል። ይህን ማንም ክህደት ብሎት አያውቅም።

ይሁንና ነገሩ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በሬ ሲገራ ቀኝ ወይም ግራ ሆኖ ይገራል። ቀኝ የለመደውን በሬ በግራ ብትጠምደው ቀንበሩን ያጣምማል፣ ፈሩን ይስታል፣ ጓደኛውንም ይገፋል። አንዱ ፈጣን ሌላው ዘገምተኛ ከሆኑ ደግሞ የፈጣኑ አንገት ይላጣል። አባቴ አዲስ ተቀናጅ ሲያገኝ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያርሰው ድንጋይ የሌለበትንና ሜዳ የሆነውን ማሳ ነበር፤ በሬዎቹ እርምጃቸውን እስኪላመዱ ድረስ። መምህር፣ እነዚህ ስኬተሮችስ እንደ በሬ ቀኝና ግራ አላቸው?

---

የማርቆሱ መምህር

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የስፖርቱን ልብ የነካ ነው። አዎን፣ አላቸው። አብዛኞቹ ስኬተሮች በአየር ላይ የሚዞሩት ወደ ግራ ነው፤ ጥቂቶች ደግሞ ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ይህ ልማድ በልጅነት ከሰውነት ጋር ይዋሐድና በኋላ ለመለወጥ እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ አሠልጣኝ ሁለት ወጣቶችን ሲያጣምር ቁመታቸውንና ክብደታቸውን ብቻ ሳይሆን የሚዞሩበትን አቅጣጫም ይመለከታል፤ ጎን ለጎን ሲዘሉ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ቢዞሩ ጨርሶ አይሠራም ባይባልም ማጣጣሙ ድካም ነው። በዚህ ላይ የእርምጃቸው ርዝመት፣ ጉልበታቸውን የሚያጥፉበት ጥልቀት፣ ሙዚቃን የሚሰሙበት ጆሮ አለ።

ለጣና ዳር አንድ እርማት ላቅርብ። በ2014 በሶቺ በረጅሙ ትርዒታቸው መጨረሻ ላይ እጅግ ከባዱን ውርወራ፣ ሦስት ዙር ተኩሉን፣ ሞክረው እርሷ ወደቀች፤ ነሐስም ወሰዱ። በቀጣዩ ወር በጃፓን በሳይታማ አምስተኛውን የዓለም ሻምፒዮንነት አሸነፉና ሾልኮቪ በ34 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። እርሱ በቃኝ አለ፤ እርሷ ገና ነኝ አለች። ይህን መለያየት እንጂ ክህደት ለማለት ይከብደኛል። ሾልኮቪ ከዚያም አሠልጣኝ ሆኖ ከሩሲያውያኑ ታራሶቫ እና ሞሮዞቭ ጋር ሠርቷል፤ (ይህ ሞሮዞቭ ቭላዲሚር ነው፣ ከሳቭቼንኮ የቀድሞ አጋር ጋር እንዳታምታቱት)። በፒዮንግቻንግ እነዚህ ጥንዶች ከአጭሩ ትርዒት በኋላ ሁለተኛ ስለነበሩ፣ ሾልኮቪ በቤቱ ተቀምጦ አዘነ ከሚለው ግምት ይልቅ እውነተኛው ታሪክ የበለጠ ይገርማል።

---

ጣና ዳር

እርማቱን ተቀብያለሁ። «ክህደት» ያልሁትን አነሣለሁ፤ ቅሬታዬ ግን እንዳለ ነው፣ ምክንያቱን ቆይቼ እጽፋለሁ።

---

የዳንግላዋ (ዳንግላ)

ቪዲዮውን ፈልጌ አየሁት። በቫንኩቨር ከእርሷ ጋር የነበረው ሰው ጥቁር አይደለም እንዴ? በበረዶ ስፖርት የእኛን መልክ አይቼ ስለማላውቅ ሁለት ጊዜ መልሼ ተመለከትሁ።

---

የማርቆሱ መምህር

ትክክል ነሽ እህቴ። ሮቢን ሾልኮቪ በ1979 በምሥራቅ ጀርመን በግራይፍስቫልድ የተወለደ ሲሆን እናቱ ጀርመናዊት፣ አባቱ ታንዛኒያዊ ናቸው። እርሱ ብቻውን አይደለም። በዚያው በ2010 የቫንኩቨር ኦሊምፒክ ቫኔሳ ጄምስ እና ያኒክ ቦነር ለፈረንሳይ ሲወዳደሩ ሁለቱም ጥቁር የሆኑ የመጀመሪያዎቹ የኦሊምፒክ ጥንዶች ነበሩ። የጄምስ ሕይወት ራሱ ለዚህ የውይይት ክር የሚመች ነው፤ በመጀመሪያ ብቻዋን ለብሪታንያ ተወዳደረች፣ ቀጥሎ ከቦነር ጋር ለፈረንሳይ፣ ከዚያም ከሞርጋን ሲፕሬ ጋር በ2019 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች፤ ከእርሱ ስትለይ ደግሞ ከኤሪክ ራድፎርድ ጋር በ2022 ለተወለደችበት ለካናዳ ተሰለፈች። ሦስት አገር፣ ሦስት አጋር።

---

የሰርከስ ትዝታ (ባሕር ዳር)

ይህን ክር ከትናንት ጀምሬ እያነበብሁ ዝም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ልጽፍ። እኔ በረዶ የማውቀው ከሰማይ ሲወርድ ብቻ ነው። ሆኖም ከ14 ዓመቴ እስከ 21 ዓመቴ ድረስ በሰርከስ ቡድን ውስጥ ከአንድ ልጅ ጋር ጥንድ ሆኜ እሠራ ነበር፤ እርሱ ያነሣል፣ እኔ እነሣለሁ፤ እርሱ ይወረውራል፣ እኔ እዞራለሁ።

መጀመሪያ የተማርነው አያያዝ ነው። መዳፍ ለመዳፍ አንያያዝም፤ መዳፍ ያልበዋል፣ ይሾልካል። የምንያያዘው አንጓ ለአንጓ ነው፤ እርሱ አንጓዬን፣ እኔ አንጓውን፤ የአንዳችን ጣት ቢለቅ የሌላችን ስለሚይዝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቁጥር መቁጠር ተውን፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት አያስፈልገንም ነበር። ከመወርወሩ በፊት አንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስብ ነበርና ያንን ትንፋሽ ጀርባዬ ይሰማው ነበር። ተመልካቹ የሚያየው ውርወራውን ነው፤ እኔ የምጠብቀው ትንፋሹን ነበር።

እርሱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሌላ ልጅ ተመደበልኝ። ከመጀመሪያው ይልቅ ረጅም፣ ጠንካራ፣ ጠባዩም መልካም ነበር፤ በሁሉም ነገር የተሻለ ነው ብል አላጋነንሁም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከእጁ ወጥቼ በአየር ላይ ሳለሁ ሰውነቴ የድሮውን ክንድ በድሮው ቦታ ፈለገው። አዲሱ ክንድ አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ሲሚንቶው ላይ የተነጠፈችው ፍራሽ ስስ ነበረችና ትከሻዬ ወለቀ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፣ የእኔም አልነበረም፤ በመካከላችን ገና ያልበሰለ ነገር ነበር። የቡድኑ ኃላፊዎች ግን ትከሻዬ ሳይድን ለበዓል ትርዒት እንድወጣ ጠይቀውኝ ነበር፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ቂሙ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ስለዚህ አንዲት ሴት በሠላሳ ዓመቷ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የለመደችውን ክንድ ትታ፣ ቁመቱም ጉልበቱም ፈጽሞ በሚለይ ሰው እጅ ተወርውራ በበረዶ ላይ በስለት ታርፋለች ሲባል እኔ የሚታየኝ ክህደት ሳይሆን ድፍረት ነው። እርግጠኛ ነኝ በመጀመሪያው ዓመት ክንዱን በተሳሳተ ቦታ ብዙ ጊዜ ፈልጋዋለች።

---

የማርቆሱ መምህር

እህቴ፣ ከእኔ የስፖርት ሳይንስ ደብተር ይልቅ ይህ ጽሑፍሽ ለተማሪዬ ሳይመልስላት አይቀርም፤ ከፈቀድሽ አነብላታለሁ።

የጠቀስሽው አደጋ በእነርሱም ላይ ደርሷል። በኅዳር 2016 በፓሪስ ውድድር ከማሶ ጋር ያንኑ ሦስት ዙር ተኩል ውርወራ ሲሞክሩ የቁርጭምጭሚቷ ጅማት ተበጠሰ። ተመልሳ በዚያው የውድድር ዘመን፣ በ2017 የጸደይ ወራት፣ በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ብር አገኙ። ከዚህ የከፋም አለ። የሩሲያዋ የሌና ቤሬዥናያ በ1996 በሪጋ ከቀድሞ አጋሯ ከኦሌግ ሽልያኾቭ ጋር ጎን ለጎን እየተሽከረከሩ ሲለማመዱ፣ የእርሱ የጫማ ስለት ጭንቅላቷን መትቶ የራስ ቅሏን ሰበረው። መናገር ተስኗት ቋንቋን እንደ ሕፃን እንደገና ተማረች። ከአንቶን ሲካሩሊድዜ ጋር ተመልሳ ግን በ1998 የኦሊምፒክ ብር፣ በ2002 ወርቅ አገኘች። እርሷን ወደ በረዶ የመለሳት አዲስ አጋር ማግኘቷ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

---

የፍኖተ ሰላሙ ሒሳብ ሠራተኛ (ፍኖተ ሰላም)

ሁላችሁም ስለ ልብና ስለ ክንድ ጻፋችሁ፤ እኔ ስለ ወረቀት ልጻፍ፤ ሙያዬም እርሱ ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ።

በዚህ ስፖርት አጋር መለወጥ ከሰው ጋር ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። በዓለም ሻምፒዮና ላይ ከሁለቱ አንዱ የአገሩ ዜጋ ቢሆን በቂ ነው፤ ሌላኛው የቀድሞ ፌዴሬሽኑ ሊለቅቀው እና የተወሰነውን የመቆያ ጊዜ ሊጨርስ ይገባል። በኦሊምፒክ ግን ሁለቱም የአንድ አገር ዜጎች መሆን ግዴታቸው ነው። ሳቭቼንኮ ራሷ የጀርመን ዜግነት ያገኘችው በ2005 መጨረሻ፣ የቱሪን ኦሊምፒክ ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር፤ በዚያ ኦሊምፒክ ስድስተኛ ወጡ። በማሶ ላይ የደረሰው ደግሞ የበለጠ ነው። የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ለመልቀቂያው 30,000 ዩሮ ጠየቀ። ያ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱ ከአንድ ዓመት በላይ አብረው እየሠለጠኑ በዓለም አቀፍ ውድድር ላይ መሰለፍ አልቻሉም። ከዚያ የጀርመንኛ ቋንቋ ፈተና መጣ፤ ማሶ በመጀመሪያ ወደቀ፣ በኋላ አለፈ፣ ዜግነቱንም ያገኘው በ2017 መጨረሻ ገደማ ነው። ወርቁ የተገኘው በየካቲት 2018 ነው። አስቡት፤ አንድ ሰው የጀርመንኛ ፈተና ባያልፍ ኖሮ ይህ ክር አይኖርም ነበር።

በሒሳብ መዝገብ ቋንቋ ለመናገር ያህል፣ ተወዳዳሪው በየዕለቱ የሚያወጣው ላብ በአንድ ገጽ፣ የቢሮዎች ፊርማ በሌላ ገጽ ተመዝግቦ ይኖራል፤ ሁለቱ ካልተመዛዘኑ ዓመቱ አይዘጋም።

---

የደንበጫው ገበሬ ልጅ

ሒሳብ ሠራተኛው ወንድሜ፣ በመቀናጆም ቢሆን ጎረቤት በሬውን ለሌላ ሲሰጥ ቅሬታ አይጠፋም፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የሚፈታው። 30,000 ዩሮ የጠየቀ ሽማግሌ ግን እኛ ዘንድ አላየሁም።

---

የቅኔ ቤት ልጅ (ቢቸና)

በዚህ ክር የዳኞቹ ነገር ስላልተነሣ እኔ ላንሣው። የ0.43 ልዩነት ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት።

በልጅነቴ ጥቂት ዓመታት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። በዚያ አንድ ተማሪ ጉባኤ ቃናውን ሲያቀርብ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ልኩ ነው፤ ቃሉ ተቆጥሮ፣ ቤቱ መትቶ፣ ዜማው ሳይሰበር መውጣቱ። ሁለተኛው ምሥጢሩ ነው። ልኩ የሞላ ምሥጢሩ የደረቀ ቅኔ አለ፤ ምሥጢሩ የሰመረ ልኩ የጎደለም አለ። የኔታ ሁለቱን በአንድ ጆሮ ሰምተው ይፈርዳሉ።

በዚህ ስፖርትም በድሮው ሥርዓት ዳኞች እስከ 6.0 የሚደርስ ነጥብ እየሰጡ ጥንዶቹን በደረጃ ይሰድሩ ነበር። በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ መምህር የጠቀሷት ቤሬዥናያ እና ሲካሩሊድዜ ካናዳውያኑን ጄሚ ሳሌ እና ዴቪድ ፔልቲዬን 5 ለ4 በሆነ የዳኞች ድምፅ አሸነፉ። ሲካሩሊድዜ በአንድ ዝላይ ላይ ተንገዳግዶ ስለነበር አዳራሹ አጉረመረመ፤ ቀጥሎም የፈረንሳይዋ ዳኛ ተጽዕኖ ተደርጎብኛል ማለታቸው ተሰማና ለካናዳውያኑም ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ አሠራሩ ተለወጠ። አሁን እያንዳንዱ ዝላይ፣ ውርወራና ማንሳት መነሻ ዋጋ አለው፤ ዘጠኝ ዳኞች በአፈጻጸሙ ላይ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ወጥቶ የቀረው ይካፈላል። የትርዒቱ ጥበብ ለብቻው ነጥብ አለው። ልኩን በአንድ አምድ፣ ምሥጢሩን በሌላ አምድ ጻፉት ማለት ነው።

ትክክል አደረጉ ወይ ብትሉኝ እርግጠኛ አይደለሁም። ስርቆቱን ቀንሶ ይሆናል፤ ምሥጢርን በነጥብ ሲቆርጡት ግን ያለቅሳል። ሆኖም የፒዮንግቻንጉን ትርዒት አይቼ፣ ከሁለቱም አምድ በላይ የሆነ ነገር እንዳለበት ተሰምቶኛል። ሲጨርሱ እርሷ በረዶው ላይ ወድቃ እያለቀሰች ነበር፤ ነጥቡ ገና አልተነገረም።

---

የማርቆሱ መምህር

ስለ ዳኞቹ የጻፍኸው ልክ ነው። አንድ ልጨምር፤ በዚያን ጊዜ በአፈጻጸም ላይ የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው ከ3 አይበልጥም ነበር፤ ከ2018 መጸው ጀምሮ እስከ 5 ሆኗል። ስለዚህ በመጋቢት 2018 በሚላን የዓለም ሻምፒዮና ያስመዘገቡት 245.84 በአሮጌው ሥርዓት ሳይሰበር ተዘግቶ የቀረ ክብረ ወሰን ነው። ለሳቭቼንኮ ስድስተኛው፣ ለማሶ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮንነትም ያ ነበር።

---

ጣና ዳር

ቅሬታዬን እጽፋለሁ ብዬ ነበር፤ ቃሌን ልጠብቅ።

የክሩን ጸሐፊዎች ሁሉ አንብቤ አሁንም የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። መምህር መጀመሪያ «ሙያው የማን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ከዚያ ግን ሁላችንም ስለ እርሷ ብቻ ስንጽፍ ቆየን። ወንዶቹ እንደ በሬ ተለዋወጡ፤ ስሟ ግን ጸንቶ ቀረ። የቀሩትን የሚያስባቸው ማነው? ኢሪና ሮድኒናን ውሰዱ። ከ1969 እስከ 1978 ድረስ አሥር ዓመት ሙሉ ሳታቋርጥ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። አራቱ ከአሌክሴይ ኡላኖቭ፣ ስድስቱ ከአሌክሳንደር ዛይትሴቭ ጋር ናቸው። ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅም አላት። ሰው የሚያስታውሰው «ሮድኒና» የሚለውን ነው። እርግጥ በዚያ ታሪክ የሄደው ኡላኖቭ መሆኑን አውቃለሁ፤ የተፎካካሪ ጥንድ አባል የነበረችውን ሉድሚላ ስሚርኖቫን አግብቶ ከእርሷ ጋር መወዳደር ጀመረ። በ1973 በብራቲስላቫ ሮድኒና ከአዲሱ አጋሯ ጋር ሳለች ሙዚቃው በድንገት ሲቋረጥ፣ ሁለቱ በጸጥታ ውስጥ ትርዒቱን እስከ መጨረሻው ሠርተው አሸነፉ። ይህን ሳነብ ከሰርከሷ እህታችን ትንፋሽ ጋር ተገናኘብኝ፤ ሙዚቃው ሲጠፋ በአንዱ ዓመት ጥምረት ውስጥ ያንን ትንፋሽ ያገኙት መሰለኝ።

ከሁሉ በላይ ልቤ ያለው ግን ከኤካተሪና ጎርዴየቫ እና ከሰርጌይ ግሪንኮቭ ጋር ነው። በልጅነታቸው ተጣምረው፣ በ1988 እና በ1994 የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰዱ፣ ተጋቡ፣ ልጅ ወለዱ። በኅዳር 1995 በሌክ ፕላሲድ ልምምድ ላይ ሳሉ ግሪንኮቭ በ28 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። እርሷ ከዚያ በኋላ ለመታሰቢያው በወጣችበት ትርዒት ብቻዋን ነበረች፤ በጥንድ ወደ ውድድር አልተመለሰችም። ለእኔ የጥንድ ስኬተር ሙያ የሚባለው ይህ ነው፤ አንደኛው ሲቀር የሚያበቃ።

---

የደንበጫው ገበሬ ልጅ

ወንድሜ፣ የጎርዴየቫን ሐዘን ሕግ ልታደርገው አትችልም። በሬው የሞተበት ሰው አያርስም ካልን ልጆቹ ምን ይበላሉ? ሮድኒናም ሳቭቼንኮም ማሳቸው ገና አላለቀም ነበር።

---

የባሕር ዳር ስኬት (ባሕር ዳር)

እኔ በጎማ ስኬት የምንሸራተት ልጅ ነኝ፤ በባሕር ዳር ሰፋፊ መንገዶች ላይ በዛፎቹ ጥላ ሥር ብዙ ነን። (ባጃጅ ኋላ የሚይዙት ሌሎች ናቸው፣ እኔን አይመለከተኝም።) ጥያቄዬ፣ ከጎማ ወደ በረዶ መሸጋገር ይቻላል ወይ? ጮቄ ላይ በውርጭ ጊዜ ውኃው ሲረጋ አይቻለሁ ያለ ጓደኛ አለኝ።

---

የማርቆሱ መምህር

ልጄ፣ ከጎማ ወደ በረዶ የተሻገሩ ስኬተሮች በዓለም ላይ አሉ፤ ሚዛኑና ጉልበት ማጠፉ ይጠቅምሃል። የጮቄው ውርጭ ግን ፀሐይ ስትወጣ የሚጠፋ ስስ አመዳይ ስለሆነ ሰው አይሸከምም፤ በላዩ እንዳትቆም። በነገራችን ላይ ቋንቋችን ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ሜዳ ላይ የረጋውንም «በረዶ» ስለሚል ተማሪዎቼ እነዚህ ሰዎች በጠጠር ላይ የሚሄዱ መስሏቸው ነበር። ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን እና በ2010 በቫንኩቨር የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ በስኬቲንግ ሜዳ ላይ ገና ማንም የለንም። አንተ ግን ከሁሉ በፊት ባጃጁን ተው።

ጣና ዳር፣ በአንድ ነገር ረተኸኛል፤ ስለ ወንዶቹ አልጻፍንም። ከሰርከሷ እህታችን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ተማሪዬም ጽሑፍሽን ከሰማች በኋላ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ከአዲሱ ልጅ ጋር በስንት ጊዜ ተላመዳችሁ? የመጀመሪያውንስ ከዚያ ወዲህ አግኝተሽው ታውቂያለሽ?

---

የሰርከስ ትዝታ

መምህር፣ ትከሻዬ እስኪድን አራት ወር ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ለመላመድ አንድ ዓመት ያህል ፈጀብን። አዲሱ ልጅ ከመወርወሩ በፊት ትንፋሽ አይስብም ነበር። ብዙ ከፈለግሁ በኋላ የቀኝ ተረከዙን በትንሹ እንደሚያነሣ አስተዋልሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጀርባዬን ትቼ በእግሩ ተረከዝ መሥራት ጀመርሁ። ጥሩ ሠርተናል፤ ሦስት ዓመት አብረን ቆይተናል።

የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። አዲስ አበባ ሹፌር ሆኗል፤ ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር መጥቶ በሰው መሐል ተገናኘን። ስለ ሰርከስ አንድም ቃል አላነሣንም፤ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቹ ትምህርት ብቻ አወራን። ልንለያይ ስንል ለሰላምታ እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን መዳፌን አልፎ ሄዶ አንጓዬን ያዘ። እኔም ሳላስበው አንጓውን ይዤ ኖሯል። ባለቤቱ «ይህ ደግሞ የየት አገር ሰላምታ ነው?» ብላ ሳቀች።